8 ላይ 8 ወይስ አንድ 16? ራም በተወደደበት ሰዓት ላፕቶፕን ማሳደግ

ሜክሲኮ፣ ስታዲየም ወይም አራት ኪሎ አካባቢ ወዳሉ የኮምፒውተር ሱቆች ጎራ ብሎ «ራም ላስጨምር ነበር» የሚል ሰው ሰሞኑን ሁለት ነገር ይጠብቀዋል። አንደኛው ዋጋው ነው። ካቻምና የሰማውን ቁጥር ይዞ የሄደ ሰው ይደነግጣል። ሁለተኛው ምክሩ ነው። አንዱ ሱቅ «ባለው 8 ላይ 8 ጨምርበት» ይላል። ጎረቤቱ «አንድ ወጥ 16 ይሻልሃል» ይላል። ሦስተኛው «ዘንድሮ 16ም አይበቃ፣ 32 አድርገው» ብሎ ይገላግለዋል።

ሦስቱም ምክሮች በየቦታቸው ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። ችግራቸው ላፕቶፑ ሳይታይ መሰጠታቸው ነው። ራም ርካሽ በነበረበት ጊዜ እንዲህ ያለ ግምት ብዙም አይጎዳም ነበር። አሁን ግን የተሳሳተ ግዢ ያስከፍላል። ስለዚህ «ስንት ጊጋ ልግዛ?» ከማለት በፊት የሚመለሱ ጥያቄዎች አሉ። ላፕቶፑ ስንት ማስገቢያ አለው? ምን ዓይነት ራም ይቀበላል? አሁን ያለው እንዴት ተከፋፍሎ ነው የተቀመጠው? እነዚህ ከታወቁ የጊጋው ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ይወጣል።

ዋጋው ለምን ናረ?

በከተማው ወሬ ጥፋቱ ሁሉ የዶላር ነው። ግማሹ እውነት ነው። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ሲያደርግ፣ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። በሳምንታት ውስጥ መቶ ብር አለፈ። ራም እዚህ አገር አይመረትም። ስለዚህ የምንዛሪው ለውጥ በቀጥታ መደርደሪያው ላይ ደረሰ።

ሌላው ግማሽ ግን ከብር ጋር ግንኙነት የለውም። ራም ራሱ በዶላር ተወዷል። ከ2025 እ.ኤ.አ. አጋማሽ በኋላ የራም ዋጋ በዓለም ገበያ መውጣት ጀመረ። ዓመቱ ሲያልቅ ብዙ የራም ዓይነቶች ከቀድሞ ዋጋቸው ሁለትና ሦስት እጥፍ ይሸጡ ነበር።

ምክንያቱ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው። ቻትጂፒቲን የመሰሉ አገልግሎቶች የሚሠሩባቸው የመረጃ ማዕከላት ኤችቢኤም የሚባል ልዩ ሚሞሪ በብዛት ይፈልጋሉ። ኤችቢኤም በግራፊክስ ቺፕ ጎን የሚቀመጥ፣ ብዙ የራም ቺፖች ፎቅ በፎቅ ተደራርበው የሚሠራ ሚሞሪ ነው። የሚመረተው የላፕቶፕ ራም በሚመረትባቸው ፋብሪካዎች ነው። የዓለምን ራም በአብዛኛው የሚያመርቱት ሳምሰንግ፣ ኤስኬ ሃይኒክስና ማይክሮን ናቸው። አንድ ጊጋ ኤችቢኤም ለመሥራት የሚወስደው የሲሊከን ስፋት አንድ ጊጋ ተራ ራም ከሚወስደው ሦስት እጥፍ ገደማ ነው። ትርፉም ይበልጣል። ፋብሪካዎቹ ወደዚያ ማዘንበላቸው አይገርምም።

የዚህ ሽግግር ጎልቶ የታየው ምልክት ኅዳር 24 ቀን 2018 ዓ.ም መጣ። ማይክሮን ክሩሻል በሚለው ስም ለተራው ተጠቃሚ ራምና ኤስኤስዲ (ፋይል የሚቀመጥበት፣ የማይሽከረከር ፈጣን ማከማቻ) የሚሸጥበትን ንግድ እንደሚዘጋ አስታወቀ። ክሩሻል ላፕቶፕ ለሚያሳድግ ሰው የታወቀ ስም ነው። ኩባንያው የሰጠው ምክንያት ግልጽ ነበር፤ ምርቱን ለትልልቆቹ ደንበኞች ማቅረብ ይፈልጋል።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስሌት ተገልብጧል። ድሮ አዲስ ትውልድ ራም ሲመጣ አሮጌው ይረክስ ነበር። «ዲዲአር5 ስለመጣ ዲዲአር4 ይወርዳል» ብሎ የጠበቀ ሰው ብዙ ነው። የሆነው ግን ሌላ ነው። አምራቾቹ ዲዲአር4ን ማምረት ሲቀንሱ፣ በ2025 እ.ኤ.አ. አጋማሽ ላይ ዋጋው ከዲዲአር5 በላይ የሄደበት ወቅት ነበር። ይህ ለአዲስ አበባ ገበያ ትልቅ ነገር ነው። እዚህ በብዛት የሚሸጡት ያገለገሉ የኤችፒ ኤሊትቡኮች፣ የሌኖቮ ቲንክፓዶችና የዴል ላቲቲዩዶች በአብዛኛው በዲዲአር4 የሚሠሩ ናቸው።

መጀመሪያ ችግሩ የራም መሆኑ ይረጋገጥ

ራም ኮምፒውተሩ አሁን እየሠራበት ያለውን ነገር የሚይዝበት ጊዜያዊ ቦታ ነው። መብራት ሲጠፋ፣ ባትሪ ሲያልቅ በውስጡ ያለው ይጠፋል። ፋይል የሚቀመጥበት ሌላ ነው። በሰፈር ቋንቋ ሁለቱም «ሚሞሪ» ስለሚባሉ ይደባለቃሉ። በቴሌግራም ማስታወቂያ ላይ «8/256» ሲባል የፊተኛው ራም፣ የኋለኛው ማከማቻ ነው።

ላፕቶፕ ስታክ ባደረገ ቁጥር ራም ማስጨመር ያስፈልጋል ማለት አይደለም። ማሽኑ አሁንም በሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ የሚሠራ ከሆነ፣ መጀመሪያ መቀየር ያለበት እሱ ነው። በዚህ ላይ ማመንታት አያስፈልግም። 8 ጊጋ ራም ከኤስኤስዲ ጋር፣ ከ16 ጊጋ ከሃርድ ዲስክ ጋር ይልቅ ለዕለት ሥራ ይፈጥናል። ራም ሲሞላ ዊንዶውስ የተረፈውን ወደ ዲስክ ያወርዳል። ያ ዲስክ ዘገምተኛ ከሆነ ነው ማሽኑ ጨርሶ የሚቆመው።

ኤስኤስዲ ካለው ደግሞ መለካት ነው። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስኬፕ አንድ ላይ ሲጫኑ ታስክ ማናጀር ይከፈታል። ፐርፎርማንስ፣ ቀጥሎ ሚሞሪ የሚለውን መጫን። ብዙ ሰው የሚያየው «ኢን ዩዝ» የሚለውን ቁጥር ነው። ይሄ ግን ሊያሳስት ይችላል። ዊንዶውስ ብዙ ራም ሲያገኝ ብዙ ይጠቀማል፣ በኋላ የሚፈለጉ ነገሮችንም ቀድሞ ያስቀምጣል። 60 በመቶ መያዙ በራሱ ችግር አይደለም።

የሚጠቅመው ዝቅ ብሎ «ኮሚትድ» የሚል የተጻፈበት ነው። ሁለት ቁጥር በመስመር ተከፍሎ ይታያል፤ ለምሳሌ 11.2/13.9። የፊተኛው ክፍት ያሉት ፕሮግራሞች ሁሉ እንዲያዝላቸው የጠየቁት ነው። ባለ 8 ጊጋ ማሽን ላይ በተለመደ የሥራ ቀን ይህ ቁጥር 11 ከሆነ፣ የተረፈው ዲስክ ላይ እየተኛ ሊሆን ይችላል። እዚያ ላፕቶፕ ላይ ራም መጨመር ለውጡ ይታያል። ቁጥሩ 6 ላይ ከተቀመጠ ግን 16 ቢደረግም ባለቤቱ ልዩነቱን አያየውም። ልኬቱ መደረግ ያለበት ሥራ በሚበዛበት ሰዓት ነው። ክሮም በነዚያ ሁሉ ታቦች፣ ቴሌግራም፣ ኤክሴልና ዙም አንድ ላይ ሲከፈቱ ማለት ነው።

ኦንቦርድ ነው ወይስ ስሎት አለው?

ስሎት ማለት የራሙ ካርድ የሚሰካበት ማስገቢያ ነው። ኦንቦርድ የሚባለው ደግሞ ቺፑ ከማዘርቦርዱ ጋር አብሮ የተበየደ ነው። ኦንቦርድ ብቻ ከሆነ ማሳደግ የሚባል ነገር የለም። ቺፕ አንስቶ መበየድ የሚችል ባለሙያ ይኖር ይሆናል፤ ለተራ ተጠቃሚ ግን እንደሌለ ነው የሚቆጠረው።

በውጭ መልክ አይለይም። ቲንክፓድ ቲ480 ሁለት ስሎት አለው። ስሙ በአንድ ፊደል ብቻ የሚለየው ቲ480ኤስ ግን የተበየደ ራምና አንድ ስሎት ነው ያለው። ቲ490 እንደዚሁ ግማሽ በግማሽ ነው፤ ቲ490ኤስ ደግሞ ሙሉ በሙሉ የተበየደ ነው። ኤክስ270 አንድ ስሎት ሲኖረው ቀጣዩ ኤክስ280 ምንም የለውም። ኤክስ1 ካርቦን፣ ማክቡክ ኤይርና ሰርፌስ ፕሮ ሁሉም የተበየዱ ናቸው። ኤችፒ ኤሊትቡክ 840 ጂ3 እና ጂ5 ሁለት ሁለት ስሎት አላቸው። እነዚህ በአዲስ አበባ ገበያ የተወደዱት ያለ ምክንያት አይደለም።

ታስክ ማናጀር እዚህም ይረዳል። እዚያው የሚሞሪ ገጽ ላይ «ስሎትስ ዩዝድ» የሚል አለ። «1 ኦፍ 2» ካለ አንድ ባዶ ቦታ አለ ማለት ነው። ግን እሱን ብቻ አይመኑ። አንዳንድ ማሽኖች የተበየደውንም እንደ ስሎት ይቆጥሩታል። ከሥሩ «ፎርም ፋክተር» የሚል መስመር አለ። «ሶዲም» ካለ የሚነቀል ካርድ ነው። «ሮው ኦፍ ቺፕስ» ካለ ተበይዷል። በርቀት፣ በቴሌግራም የሚሸጥ ላፕቶፕ ሲታይ «ወንድሜ፣ የዚህን ገጽ ፎቶ ላክልኝ» ማለት ብዙ ጭቅጭቅ ያስቀራል።

ቀጥሎ ዓይነቱ ነው። ዲዲአር3፣ ዲዲአር4ና ዲዲአር5 አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። ካርዱ ላይ ያለው ጎድጎድ ያለ ቁራጭ ቦታው ይለያያል፤ በግድ ልግፋ ካላሉት ራሱ ይከለክላል። የፕሮሰሰሩን የጄኔሬሽን ቁጥር ብቻ ይዞ መሄድ ግን ያሳስታል። ኤሊትቡክ 840 ጂ3 እና ቲንክፓድ ቲ460 ሁለቱም የኢንቴል 6ኛ ጄኔሬሽን ናቸው። የመጀመሪያው ዲዲአር4 ይወስዳል፤ ሁለተኛው ዲዲአር3ኤል። «6ኛ ጄኔሬሽን ነው» ብሎ የገዛ ሰው ተመልሶ ሊመጣ ይችላል።

ዲዲአር3ኤል ዝቅተኛ ኤሌክትሪክ የሚጠቀም የዲዲአር3 ዓይነት ነው። በ1.35 ቮልት ይሠራል፤ ተራው ዲዲአር3 በ1.5 ነው። ሁለቱ በቅርጽ አንድ ስለሆኑ ይገባል። ዲዲአር3ኤል ብቻ የሚቀበል ላፕቶፕ ግን አይነሳም። ይህኛውን ጎድጎዱ አይከለክልም፤ ካርዱ ላይ ያለውን ጽሑፍ ማንበብ ነው ያለው።

8 ላይ 8 ወይስ አንድ 16?

ክርክሩ ያለው እዚህ ነው። በአዲስ አበባ ገበያ በብዛት የሚገኙት ላፕቶፖች ፕሮሰሰር ከራም ጋር የሚነጋገርበት ሁለት መንገድ አለው። ቻናል ይባላል። አንድ ካርድ ብቻ ሲሰካ አንዱ ቻናል ብቻ ይሠራል። ሁለት ካርድ ሲሆን ሁለቱም አብረው ይሠራሉ፤ ይሄ ዱዋል ቻናል ነው። የከተማ አውቶቡስ በአንድ በር ብቻ ሰው ሲያስገባና ሁለቱንም በር ሲከፍት እንዳለው ልዩነት ነው። አውቶቡሱ የሚይዘው ሰው አይጨምርም፤ የሚገባበት ፍጥነት ነው የሚጨምረው። በቁጥር ሲታይ፣ 2400 ፍጥነት ያለው አንድ የዲዲአር4 ካርድ በሰከንድ እስከ 19.2 ጊጋባይት ያስተላልፋል። ሁለት ሲሆን 38.4 ይደርሳል።

«8 ላይ 8» የሚሉት ሰዎች መነሻቸው ይህ ነው፤ በቴክኒኩ ልክ ናቸው። ጥያቄው ይህ ልዩነት የት ይታያል የሚለው ነው። ወርድ፣ ኤክሴል፣ ፒችትሪ፣ ብራውዘር ላይ ልዩነቱ ጥቂት በመቶ ነው፤ በዓይን አይለይም። ጎልቶ የሚወጣው ግራፊክስ ላይ ነው። የራሱ ግራፊክስ ካርድ የሌለው ላፕቶፕ ለምስል የሚጠቀመው ከዋናው ራም ቆርሶ ነው። ስለዚህ መንገዱ ሲሰፋ ጌም፣ ቪዲዮ ኤዲቲንግና ባለ ሦስት አቅጣጫ ዲዛይን ይቀልላሉ። ጌም ላይ ብዙ ጊዜ ከ20 በመቶ በላይ ልዩነት ይታያል።

የኢንቴል 11ኛ ጄኔሬሽን ላፕቶፕ ያለው ሰው ይህን በዓይኑ ሊያየው ይችላል። ኮር አይ5-1135ጂ7 ፕሮሰሰር በውስጡ አይሪስ ኤክስኢ የሚባል ግራፊክስ አለው። አንድ ካርድ ብቻ ሲሰካበት ግን ዊንዶውስ «ዩኤችዲ ግራፊክስ» ብሎ ነው የሚያሳየው። ሁለተኛ ካርድ ሲገባ ስሙ ወደ አይሪስ ኤክስኢ ይቀየራል። «የተሸጠልኝ ላፕቶፕ የውሸት ነው» ብለው የሚደነግጡ ሰዎች ብዙ ጊዜ ያጋጠማቸው ይሄ ነው።

«አንድ ወጥ 16» የሚሉትም ምክንያት አላቸው። አንድ 16 ሲገዛ ሁለተኛው ስሎት ባዶ ይቆያል፤ ነገ ሌላ 16 ጨምሮ 32 ማድረስ ይቻላል። ባለ አንድ ስሎት ማሽን ከሆነ ደግሞ ምርጫም የለም። ይሄ ክርክር ጥሩ የሚሠራው ግን ያ «ነገ» በእርግጥ የሚመጣ ሲሆን ነው። 32 የማያስፈልገው ሰው፣ ለማይመጣ ነገ ብሎ ዛሬ አንዱን ቻናል ዘግቶ መክፈል የለበትም። በተለይ አሁን፣ በእጅ ያለውን 8 አስወጥቶ በምትኩ 16 መግዛት ያለውን ንብረት በርካሽ አስረክቦ ውዱን መግዛት ነው።

ስለዚህ አንድ ስሎት ላይ 8 ያለውና ሌላው ባዶ የሆነ ላፕቶፕ መልሱ ቀላል ነው፤ ሌላ 8። ወጪው አነስተኛ ነው፣ 16 ይሞላል፣ ሁለቱም ቻናል ይከፈታል።

አስቸጋሪው 4 እና 4 ሆኖ ሁለቱም ስሎት የተያዘበት ነው። ብዙ የቢሮ ላፕቶፖች እንዲህ ሆነው ነው የሚመጡት። እዚህ ላይ የሚረሳ አንድ አማራጭ አለ። አንዱን 4 አውጥቶ 8 ማስገባት። ውጤቱ 12 ነው። «12 የሚባል ራም አለ እንዴ?» የሚል አይጠፋም፤ አለ፣ ይሠራልም። ኢንቴል ፍሌክስ የሚለው አሠራር አለው። ከሁለቱም ካርዶች እኩል የሆነውን፣ ማለትም 4 እና 4ን በዱዋል ቻናል ያስኬዳል። የተረፈው 4 በአንድ ቻናል ይሠራል። የ11ን ኮሚትድ የሚያስተናግድ፣ በአንድ ባለ 8 ካርድ ዋጋ የሚገኝ መፍትሔ ነው። ራም ርካሽ ቢሆን ኖሮ ማንም አይመክረውም ነበር። ዛሬ ግን ለቢሮ ሥራ ከምርጫዎቹ ሁሉ አዋጩ ይመስለኛል።

ኦንቦርድ 8 እና አንድ ስሎት ያለው፣ እንደ ቲ480ኤስ ያለ ማሽን ላይ ደግሞ 8 ቢጨመር 16 ሙሉ ዱዋል ይሆናል። 16 ቢጨመር 24 ይሆናል፤ ከዚያ ውስጥ 16ቱ በሁለት ቻናል፣ 8ቱ በአንድ።

የተለያየ ብራንድ መደባለቅስ? «አይቻልም» የሚለው ወሬ የተጋነነ ነው። ሳምሰንግና ሃይኒክስ ጎን ለጎን ሆነው ያለ ችግር ይሠራሉ። ፍጥነታቸው ቢለያይ ሁለቱም በዘገምተኛው ፍጥነት ይሄዳሉ። አልፎ አልፎ የማይስማሙ ካርዶች ያጋጥማሉ፤ ለዚህ ነው ከመክፈል በፊት እዚያው አስገብቶ ማስነሳት የሚያስፈልገው።

ስንት ይበቃል?

ዊንዶውስ 11 በወረቀት ላይ 4 ጊጋ ይበቃኛል ይላል። ገና ሲነሳ ብቻ ግን ከ3 እስከ 4 ጊጋ ሊወስድ ስለሚችል፣ ይህን ቁጥር ቁም ነገር አድርጎ መያዝ አይገባም። 8 ለአንድ ሰነድ፣ ለጥቂት ታቦችና ለፊልም ይሆናል። 16 ለአብዛኛው ሰው፣ ለፕሮግራም ተማሪውም ለሒሳብ ሠራተኛውም፣ ይበቃል። ማይክሮሶፍት ኮፓይለት ፕላስ ብሎ ለሚጠራቸው ላፕቶፖች ዝቅተኛው 16 እንዲሆን ወስኗል። አፕልም በ2024 እ.ኤ.አ. መጨረሻ የማክን መነሻ ከ8 ወደ 16 ከፍ አድርጓል።

32 የሚያስፈልጋቸው ሰዎች አሉ፤ ሥራቸውን ራሳቸው ያውቁታል። የሕንፃ ንድፍ በሬቪት የሚሠራ ሰው መነሻው 16 ነው፤ ትልልቅ ፕሮጀክት ላይ 32 ይፈልጋል። በአዶቢ ፕሪሚየር ባለ ኤችዲ ቪዲዮ ለሚያቀናብር አዶቢ 16 ይመክራል፤ ለ4ኬ ደግሞ 32። ባንድ ጊዜ ሁለት ሦስት ቨርቹዋል ማሽን የሚያስነሳ የኔትወርክ ተማሪም እዚህ ይገባል። ከነዚህ ውጪ «ለወደፊቱ ይሆነኛል» ብሎ 32 መግዛት በዚህ ዋጋ ቅንጦት ነው። ሌላም ትንሽ ጣጣ አለው። ዊንዶውስ ለሃይበርኔት (ክፍት ሥራውን ዲስክ ላይ አስቀምጦ ለመጥፋት) የሚያስቀምጠው ፋይል በተለመደው አደራረግ የራሙን 40 በመቶ ያክላል። ባለ 128 ጊጋ ኤስኤስዲ ላይ 32 ራም ማለት ወደ 13 ጊጋ ቦታ በዚህ ብቻ ሊሄድ ይችላል።

የራይዘን ፕሮሰሰር ያለው ላፕቶፕ ላይ አንድ ነገር ይታወቅ። 8 ጊጋ ተገጥሞለት «5.9 ብቻ ነው የሚሠራው» ሊል ይችላል። ራሙ አልተበላሸም። ሁለቱ ጊጋ ለግራፊክሱ ተይዞ ነው። እንዲህ ባለ ማሽን ላይ 8 ከስሙ ያነሰ ስለሆነ፣ ወደ 16 የመሄዱ ጉዳይ ይበልጥ ይጠነክራል።

የፍጥነት ቁጥር

ነጋዴ «ይሄ 3200 ነው፣ ይፈጥናል» ቢል፣ መጠየቅ ያለበት ላፕቶፑ ስንት ይችላል የሚለው ነው። የ8ኛ ጄኔሬሽኑ ኮር አይ5-8250ዩ ከ2400 በላይ አይሄድም። 3200ውን ካርድ ይቀበላል፣ ግን በ2400 ያስኬደዋል። ለፍጥነቱ ተጨማሪ መክፈል ጥቅም የለውም።

በእኩል ዋጋ ከተገኘ ግን ፈጣኑን መውሰድ ያዋጣል። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ በይፋ፣ ከጥቂቶች በስተቀር፣ ከኢንቴል 8ኛ ጄኔሬሽን በታች አይቀበልም። ስለዚህ ዛሬ 840 ጂ3 ያለው ሰው ከጥቂት ጊዜ በኋላ ማሽን መቀየሩ አይቀርም። የገዛው ካርድ ዲዲአር4 2666 ወይም 3200 ከሆነ፣ የሚቀጥለው ላፕቶፑ ዲዲአር4 የሚቀበል ከሆነ ነቅሎ ይወስደዋል። ዲዲአር3ኤል የሚጠቀም ማሽን ላይ ግን ይህ አይሠራም። እዚያ የወጣ ገንዘብ ከማሽኑ ጋር ይቀራል፤ ብዙ ባያወጡበት ይመረጣል።

ያገለገለ ራም

እዚህ ገበያ ላይ የሚሸጠው ራም ብዙው ከሌላ ላፕቶፕ የተነቀለ ነው። ይህ በራሱ መጥፎ አይደለም። ራም የሚሽከረከር ነገር የለውም፤ ከሃርድ ዲስክም ከባትሪም ይልቅ ዕድሜ አለው። የሚበላሸው ብዙ ጊዜ በስታቲክ ኤሌክትሪክ ወይም በአያያዝ ነው። በካርቶን ውስጥ እንደ ካርታ ተደራርቦ የሚቀመጥ ራም ያሳስባል።

ከካርዱ ላይ ተለጣፊውን ማንበብ ይቻላል። «8ጂቢ 1አር×8 ፒሲ4-2400ቲ» የሚል ከሆነ፣ 8 ጊጋ፣ ዲዲአር4፣ ፍጥነቱ 2400 ማለት ነው። ፒሲ5 ካለ ዲዲአር5 ነው። «ፒሲ3ኤል-12800ኤስ» ካለ ደግሞ ዲዲአር3ኤል ነው። 12800 ሲታይ ፍጥነቱ በጣም ትልቅ ይመስላል፤ ለ8 ሲካፈል 1600 ነው። አንዳንዱ ነጋዴ ይህን ቁጥር እንደ ፍጥነት ሲጠራው ይሰማል። ተለጣፊው የተፋቀ ወይም የሌለው ካርድ ቢቀር ይሻላል።

ማሽኑ ተነስቶ 16 ጊጋ ማሳየቱ ብቻ ራሙ ጤነኛ ነው ማለት አይደለም። ትንሽ ስህተት ያለበት ራም ለቀናት ይሠራና አንድ ቀን በሰማያዊ ስክሪን ያቆማል፤ ይባስ ብሎም ፋይል ያበላሻል። ዊንዶውስ ውስጥ «ዊንዶውስ ሚሞሪ ዳያግኖስቲክ» የሚባል መመርመሪያ አለ። ከዚያ ጠንከር ያለው ሜምቴስት86 ነው፤ ከፍላሽ ይነሳል፣ ሰዓታት ሊወስድ ይችላል። ሱቅ ውስጥ ቆሞ ይህን ማስጨረስ አይቻልም። ስለዚህ ከዋጋው ጋር አብሮ የሚነሳው ጥያቄ «ችግር ቢኖረው እስከ መቼ ትቀይርልኛለህ?» የሚለው ነው። መልሱ ደረሰኝ ላይ ይጻፍ።

ራሱ የሚገጥም ሰው ቻርጀሩን ነቅሎ፣ የውስጡን ባትሪም አላቅቆ፣ ብረት ነክቶ ነው የሚጀምረው። ካርዱ ጋደም ብሎ ይገባና ወደ ታች ሲጫኑት በሁለቱም ጎን ቀጭ ይላል። ዲዲአር5 ከሆነ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነሳ ስክሪኑ ለተወሰኑ ደቂቃዎች ጨለማ ሊሆን ይችላል። ራሙን እየለመደው ነው፤ ተቸኩሎ ማጥፋት አይገባም።

ልጠብቅ?

«ትንሽ ቆይቼ ልግዛ» የሚሉ ሰዎች ታሪክ ይደግፋቸዋል። የራም ገበያ ይወጣል፣ ይወርዳል። በ2017 እና 2018 እ.ኤ.አ. ተወድዶ በ2019 ወረደ። በ2023 ደግሞ በጣም ረክሶ አምራቾቹ ከስረው ነበር፤ ያኔ ምርት መቀነሳቸውም ለዛሬው እጥረት የራሱ ድርሻ አለው። በሌላ በኩል ያሉት ሰዎች የአሁኑ የተለየ ነው ይላሉ። አዲስ ፋብሪካ ለመገንባት ዓመታት ይፈጃል። ማይክሮን አሜሪካ ውስጥ አይዳሆ ላይ የሚገነባው እንኳ ማምረት ይጀምራል ተብሎ የሚጠበቀው በ2027 እ.ኤ.አ. ነው። ሲጀምርም ቅድሚያ የሚሰጠው ለኤችቢኤም ሊሆን ይችላል። አሮጌው ዲዲአር4 ደግሞ በአዲስ ፋብሪካ የመመረት ዕድሉ ጠባብ ነው። ስለዚህ የዲዲአር5 ዋጋ መውረዱን የሚጠብቅ ሰው ምክንያት አለው። የዲዲአር4ን የሚጠብቅ ግን የሚጠብቀው ያገለገለ ዕቃ እንዲበዛለት ነው።

ዛሬ ሥራው እየተጓተተበት ያለ ሰው መጠበቁ አያዋጣውም፤ የሚያስፈልገውን ያህል፣ ከዚያ ሳያሳልፍ ይግዛ። ላፕቶፑ እየሠራለት «16 ባደርገው» የሚል ምኞት ብቻ ያለው ሰው ግን ባለበት ቢቆይ ምንም አይቀርበትም።

አዲስ ላፕቶፕ ለመግዛት የሚያስብ ሰው ደግሞ ስሌቱ የተለየ ነው። ቀጫጭኖቹ ላፕቶፖች በአብዛኛው ራማቸው ተበይዶ ነው የሚመጡት። የተበየደው ራም ብዙ ጊዜ ባትሪ ይቆጥባል፣ ይፈጥናል፤ ግን 8 ሆኖ ከተገዛ 8 ሆኖ ያረጃል። የራም ዋጋ ሲንር ደግሞ አምራቾች በርካሹ ሞዴል ላይ የሚቆርጡት መጀመሪያ ራሙን ነው። በእኩል ዋጋ አንዱ ኦንቦርድ 8 ከ512 ኤስኤስዲ ጋር፣ ሌላው 16 ከ256 ጋር ቢቀርቡ፣ ሁለተኛው ይሻላል። ኤስኤስዲው ብዙ ጊዜ በኋላ ሊቀየር ይችላል።